ያልተፈተሸው ጥቁር ብረት

ሱቋን ከመክፈቷ በፊት ዘወትር ጠዋት ሁለት እጆቿን በረዶ በሚንሳፈፍበት ሳፋ ውስጥ ነክራ እስከ ሦስት መቶ ትቆጥራለች። መቶ ላይ ስትደርስ ጣቶቿን ይጠዘጥዛታል። ሁለት መቶ ላይ ሕመሙ ይተዋታል። ሦስት መቶ ላይ ስታወጣቸው የሌላ ሰው እጅ ከክንዷ ላይ የተቀጠለ ይመስላታል። ሳታደርቃቸው ወደ ባንኮው ትሄድና በዚያው እጅ እሳት ለመለኮስ ትሞክራለች።

መጀመሪያ ክብሪት ነው። ከእያንዳንዱ አዲስ ካርቶን አንድ ፓኮ ታወጣለች፣ ከፓኮው ሦስት እንጨት። የእንጨቱ ራስ በእርጥብ ጣት ሲነካ ከተፈረፈረ ካርቶኑ እንዳለ ወደ አምጪው ይመለሳል። ቀጥሎ ላይተር። ቁልፉን ሲጫኑት ቀጭ የሚለውን ዓይነት አታስገባም፤ ከፍታ ላይ ቀጭታው ብቻ ይቀራል ባይ ናት። በአውራ ጣት የሚሽከረከር ጥርስ ያለውን ትሸጣለች፣ ብርድ ሲበረታ ብብት ውስጥ እንዲሞቅ አጥብቃ እየተናገረች። በመጨረሻ እሳት መጫሪያ ብረቱን ታነሳለች። ቁመቱ የጣት ያህል የሆነ፣ በቆርቆሮ ሲፋቅ ብልጭታ የሚረጭ ግራጫ ዘንግ ነው። ባንኮው ላይ በሲባጎ ታስሮ ይኖራል። ቢረጥብም፣ ቢበርደውም እንቢ ብሏት አያውቅም። ቫዝሊን የተቀባ የጥጥ ቁራጭ ላይ ሁለት ጊዜ ትፍቀዋለች፣ ጥጡ ይያዛል፣ እፍ ብላ ታጠፋዋለች፣ የሱቁንም የብረት በር ሽቅብ ትጠቀልላለች።

ሱቁ ከአውቶቡስ መናኸሪያው ፊት ለፊት ነው። ወርዱ ሦስት እርምጃ ቢሆን ነው። ጓዛቸውን በጀርባቸው አዝለው ተራራ ለሚወጡ ሰዎች ድንኳን፣ ገመድ፣ የመኝታ ከረጢትና ጫማ ትሸጣለች። ሃምሳ አንድ ዓመቷ ነው፤ ጉልበቷን ያማታል፤ ራሷ ከቤቷ ደረጃ ከፍ ያለ ቦታ ወጥታ አታውቅም። የሳፋውን ነገር ያስጀመራት ከዘጠኝ ዓመት በፊት የመጣ አንድ አናጢ ነው። የገዛውን ክብሪት ባንኮው ላይ ወርውሮ፣ «እዚህ በሞቀ እጅሽ ይነዳል። እኔ የነበርኩበት ቦታ እጄ እጅ አልነበረም» አላት። አናጢው ዳግመኛ አልመጣም። እሷ ግን በማግስቱ ሳፋ ገዛች።

ሰፈሩ በሙሉ «እትዬ ፍተሻ» ይላታል። በአሥራ አምስት ዓመት የሚበልጧት ጡረተኛ መምህር እንኳ እትዬ ነው የሚሏት። እሳቸው በየዓመቱ ከወንድሟ ጋር ተራራ ይወጣሉ። ወንድሟ መንገድ መሪ ነው፤ ሽቅብ ሲሄድ ትንፋሹ ስለማይሰማ ጓደኞቹ «ፍየሉ» ብለው አውጥተውለታል።

ባለፈው ሳምንት ሊሄዱ ሲሉ መምህሩ በሩ ላይ ቆመው፣ «እትዬ ፍተሻ፣ ዛሬም ገላሽን ሳፋ ውስጥ ታጠብሽ?» አሏት።

«እጄን ብቻ ጋሼ። እርስዎስ ለእሳት ምን ያዙ?»

«ላይተር። ከሲጋራ ሻጩ የገዛሁት።»

«እሱ እኮ ለሲጋራ ነው።»

«እኔስ ምን ላደርግበት ኖሯል፣ ባቡር ላስነሳበት?»

ሦስት የእሳት መለኮሻ ሳይዝ ከሱቋ የሚወጣ ሰው አትወድም። አንዱ ደረት ኪስ፣ አንዱ ክዳን ባለው ዕቃ ሆኖ ቦርሳ ውስጥ፣ አንዱ አንገት ላይ። መምህሩ እየሳቁ ላይተራቸውን ካልሲያቸው ውስጥ ሸጎጡት። እሷም ወደ ወንድሟ ዞረች። አንገቱ ላይ የተንጠለጠለው ብረት ከአገልግሎት ብዛት አልቆ የጥርስ እንጨት አክሏል።

«ይሄን አውልቀው» አለችው።

«ተይኝ እታለም፣ ገና ዓመት ይሠራል።»

«ስድስት ሰው ከኋላህ አስከትለህ በዚህች ስንጥር ልትሄድ ነው?» ክሩን በራሱ ላይ አሾልካ አወጣችና አሮጌውን መሳቢያ ውስጥ ጣለችው። ከመንጠቆው ላይ አዲስ፣ ጥቁር፣ የሚያብለጨልጭ አውርዳ ላስቲኩን ቀደደች፤ የታሸገበትን ካርድ ከባንኮው መስታወት ሳጥን በታች ወረወረችው፤ ብረቱን ራሷ አሰረችለት። «አሁን ሂድ» አለች። ለሰባት ሰው አምስት ቀን በደብተሯ ላይ ጻፈች። ደብተሩ የመንገደኞች ደብተር ነው፤ ማን፣ ምን ገዝቶ፣ ወዴት ይሄዳል፣ መቼ ይመለሳል፣ ስልኩ ስንት ነው ይላል። የተመለሰ ሰው መጥቶ ስሙን ራሱ ይሰርዛል።

በአምስተኛው ቀን መመለስ የነበረበት ወንድሟ በአራተኛው ቀን ጠዋት ሁለት መቶ ስልሳ ላይ ስትደርስ በጓዳው በር ገባ።

እጆቿ ገና ሳፋው ውስጥ ነበሩ። መጀመሪያ ያየችው ፊቱን አልነበረም። የቀኝ እጁን ነው፤ እስከ አንጓው በነጭ ፋሻ ተጠቅልሏል።

«ምንድነው?» አለች።

«ሁላችንም አለን» አላት። ዱካ ላይ ተቀመጠ። ጫማው ላይ ያለው ጭቃ ገና አልደረቀም። «መምህሩ ሆስፒታል ናቸው። ሌሊቱን ተሸክመን ነው ያወረድናቸው። ዓይናቸውን ገልጠዋል። ሐኪሙ ልባቸውን እያየ ነው፤ እስከ ነገ አልናገርም ብሏል።»

እጆቿን ከሳፋው አላወጣችም። መቁጠሩን መተዋን እንኳ አላስተዋለችም።

ነገሩን እንደ ሪፖርት ነገራት። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ያዛቸው። ወንዙን ሲሻገሩ የክብሪቱ ዕቃ ያለበት ቦርሳ ከአንዱ ትከሻ አምልጦ ውሃው ወሰደው። የራሱ ደረት ኪስ ውስጥ የነበረው ላይተር ጥርሱ ውስጥ አሸዋ ገብቶ አልዞር አለ። እሱ ግን አልተጨነቀም፤ አንገቱ ላይ ብረት አለ። ዋሻ ቢጤ አለት ሥር አስገባቸው፣ ጥጡን አወጣ፣ ደረቅ ቅርፊት ፈልፍሎ አዘጋጀ፣ ይጭር ጀመር።

«መቶ ጊዜ ጫርኩት እታለም። አንድ ብልጭታ የለም። መምህሩ ይንቀጠቀጡ ነበር። ከዚያ መንቀጥቀጡን ተዉት። ያኔ ነው የደነገጥኩት።»

«ከዚያስ?»

«‘ካልሲዬ ውስጥ’ አሉኝ። ድምፃቸው እንደ ሰካራም ተሳስሮ ነበር። ያቺ የሲጋራ ሻጩ ላይተር። ውሃ ገብቷት ነበር። አንቺ እንደምትይው ብብቴ ውስጥ ከተትኳት፣ ግማሽ ሰዓት ያህል። ተነሳች። ጥጡ ረጥቦ ስለነበር ነበልባሉን እንደያዝኩ ቆየሁ። አንዷ ልጅ ‘እጅህ! እጅህ እየነደደ ነው!’ ብላ ስትጮህ ነው ያየሁት። አልተሰማኝም እኮ። ሽታው እንኳ የሌላ ነገር ነበር የመሰለኝ።»

እጆቿን አወጣች። ውሃው ከክርኖቿ ላይ ወለሉ ላይ ይንጠባጠባል።

«ብረቱ እንቢ አይልም» አለች። ቁጣ አልነበረም፤ እንዲያው የምታውቀውን ነገር መናገሯ ነበር። «ውሃ ውስጥ አድሮ የሚሠራ ነገር ነው። አንተ ነህ በደንብ ያልጫርከው።»

በግራ እጁ ክሩን ከአንገቱ አውልቆ ብረቱን የባንኮው መስታወት ላይ አስቀመጠ።

«ጫሪው» አላት።

እጇ በዚያች ደቂቃ የእሱ እጅ ተራራው ላይ እንደነበረው ነበር። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈተናው የእውነት ሆነ። ከብረቱ ጋር የታሰረችውን ቆርቆሮ ያዘች፣ ሁለት ጊዜ ከጣቷ ሾለከች፣ በሦስተኛው ጨበጠቻትና ፋቀች። ምንም። ደግማ ፋቀች። ቆርቆሮዋ በዘይት በተቀባ ነገር ላይ እንደምትሄድ ዓይነት ነበር የምትንሸራተተው። አሥር፣ ሃያ፣ ሠላሳ። የቁጥር ልማዷ አልለቀቃትም፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ስልሳ ላይ ቆመች።

«አየሽ?» አላት ወንድሟ፤ ወዲያው ደግሞ እንደተጸጸተ ሰው ወደ ወለሉ አየ።

ከመሳቢያው የገመድ መቁረጫ ቢላዋ አወጣች። ብረቱን ባንኮው ላይ አስደግፋ፣ የቢላዋውን ጀርባ አስቀምጣ፣ በሙሉ ሰውነቷ ተጭና ገፋችው። ጥቁር ቅርፊት ተላጦ መስታወቱ ላይ ተበተነ። ከሥሩ ግራጫ ወጣ። እንደገና ስትገፋው የረጨው ብልጭታ ወንድሟን ከዱካው አስነሳው።

ጥቁሯ ፍርፋሪ ጣቷ ላይ ተለጥፋለች። አሻሸቻት።

«ቀለም ነው» አለች። «ቀለም ቀብተውታል።»

ጎንበስ ብላ ባለፈው ሳምንት የወረወረችውን ካርድ ከመስታወቱ ሳጥን ሥር በመጥረጊያ እንጨት ጎትታ አወጣችው። ገለበጠችው። በጀርባው፣ ከታች፣ ጉንዳን የሚያክል ጽሑፍ አለ። ዝገት እንዳይዘው ስለተሸፈነ ከመጠቀም በፊት ሽፋኑን በስለት መፋቅ ያስፈልጋል ይላል። አነበበችው። ለወንድሟ ሰጠችው። እሱም አነበበው።

«አሮጌዎቹ እኮ እንዲህ አልነበሩም» አለች። «ራቁታቸውን ነበር የሚመጡት። የድሮው አምጪ ሥራውን ተወ። እነዚህ የአዲሱ ናቸው፣ ከመጡ ሁለት ሳምንታቸው ነው።» ድምፅዋ ቀነሰ። «ክብሪቱን ፈተሽኩ። ላይተሩንም ፈተሽኩ። ይሄን... ላስቲኩ ከተቀደደ ‘አሮጌ ነው’ ይሉኛል ብዬ... ብረት ብረት ነው ብዬ ሰቀልኩት።»

ባንኮው ላይ በሲባጎ የታሰረውን ግራጫ ዘንግ አየችው። ሁለት ሳምንት ሙሉ በየጠዋቱ እጇን በበረዶ ስታደነዝዝ የፈተሸችው የማትሸጠውን ብረት ነበር። የምትሸጠው ከራሷ በላይ፣ መንጠቆው ላይ፣ ታሽጎ ተሰቅሎ ነበር።

«አንተስ?» አለች ድንገት። «ሃያ ዓመት ተራራ ለተራራ ስትዞር የኖርክ ሰውዬ፣ ይሄን አታውቅም?»

«እኔ መቼ አዲስ ብረት ይዤ አውቃለሁ እታለም? ያንን የጣልሽውን የሰጠሽኝ ከዚሁ ከባንኮው ላይ ፈትተሽ ነው። ተፍቆ፣ ተሞክሮ ነው የመጣልኝ።»

ይህ እውነት ነበር። እህት ለወንድሟ የሞከረችውን ሰጠችው፤ ባለፈው ሳምንት ደግሞ ስለምትወደው ማንም ያልነካውን አዲሱን አሰረችለት።

ያኔ ቀና ብላ መንጠቆውን አየች። አሥራ ሁለት ነበሩ። አምስት ቀርተዋል።

«አንዱ ያንተ ነው» አለች። «የቀሩትን ስድስት ሰዎች ገዝተውታል።»

ደብተሩን ስትገልጥ ጣቶቿ ገና አልሞቁም ነበርና ገጹ እንቢ አላት። ወንድሟ በግራ እጁ ገለጠላት። የመጀመሪያው ድንጋይ ጠራቢ ነው፤ ስልኩን አነሳ፤ ጉዞው ገና ለሚቀጥለው ሳምንት ነው። ሁለት ነርሶች እያንዳንዳቸው አንድ ይዘዋል፤ ተረኛ ስለሆኑ ከተማ ውስጥ ናቸው። አራተኛው ከትናንት ወዲያ ተመልሷል፤ ብረቱን ጨርሶ ከቦርሳው አላወጣውም። አምስተኛዋ ልብስ ሰፊ ናት፤ ለጎረቤቷ ነበር የገዛችው፤ ጎረቤቷም ገና አልሄደም። ለሁሉም አንድ ዓይነት ነገር ነው የምትናገረው፦ «የሸጥኩልህ ብረት አይሠራም፣ ጥቁሩን በቢላዋ ፍቀህ እስኪያልቅ አንሳው።» ድንጋይ ጠራቢው ሳቀ።

«እትዬ ፍተሻ ሳትፈትሽ?» አለ።

«ሳልፈትሽ» አለችና ዘጋችው።

ስድስተኛው መስመር ላይ ‘ሙሽሮቹ’ ተብሎ ተጽፏል። ትናንት ከሰዓት በኋላ የመጡ ናቸው። እሱ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣ እሷ ዳቦ ጋጋሪ፤ ከተጋቡ ሦስት ሳምንታቸው። ስለ ክብደት ይጨቃጨቁ ነበር፤ ሙሽራዋ አንድ ማንኪያ ስትጨምር ሙሽራው አንድ ማንኪያ ያወጣል። ሙሽራዋ ከቤት ያመጣችውን ተራ ክብሪት ባንኮው ላይ ስታስቀምጥ እትዬ ፍተሻ ጣቷን በምራቋ አርጥባ የአንዱን ራስ ነካችው፤ ተፈረፈረ። «ይሄን ይዞ የሚወጣ ሰው ቢታመም ይሻለዋል» ብላ ፓኮውን ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ጣለችው። ሙሽራዋ ከልቧ ሳቀች። ጥሩው ክብሪት ግን የዚያን ቀን አልቆ ነበር።

«ላይተር ቤት አለን» ብሎ ነበር ሙሽራው።

«እንግዲያው እሱንና ይሄን ያዙ» ብላ ጥቁሩን ብረት ሰጠቻቸው። «ይሄ አያሳፍራችሁም።»

ቅርጫቱን አየችው። ፓኮው አሁንም እዚያው ነው።

ደወለች። ስልኩ ከመስመር ውጭ ነው። ሙሽራው ጠንቃቃ ስለነበር የእናቱንም ቁጥር አስመዝግቧል። ደወለች።

«ሄዱ የኔ እመቤት፣ በሌሊቱ የአሥራ አንድ ሰዓት አውቶቡስ» አሉ እናትየው። «ምን ሆኑ?»

«ምንም አልሆኑም እማማ። ላይተር ይዘው ነበር?»

«የምን ላይተር?»

«ቤት ያለውን።»

የእግር ኮቴ ተሰማ፣ ዕቃ ተንኳኳ። «ይኸው እኮ» አሉ እናትየው በደስታ። «ምድጃው አጠገብ አለ። ትተውት ሄዱ ማለት ነው። እኔም ሻይ ያፈላሁት በሱ ነው።»

ስልኩን ከጆሮዋ ሳታነሳ ቆማ ቀረች። ወንድሟ ቀስ ብሎ ወሰደላትና እናትየውን ደህና ይዋሉ አላቸው። ከዚያ ወደ ተራራው መግቢያ በር ራሱ ደወለ፤ ጠባቂውን ያውቀዋል። ድምፁን ከፍ አድርጎ ባንኮው ላይ አስቀመጠው።

«አለፉ» አለ ጠባቂው። «ሦስት ሰዓት ገደማ። እጅ ለእጅ ተያይዘው ነው የሄዱት፣ ዝም ብለህ ብታያቸው ታስቅሃለች ያቺ ሚስት። ዛሬ የመጀመሪያው ማደሪያ ነው የሚያድሩት።»

«ሰማዩ እንዴት ነው?»

«ከላይ ጠቁሯል። ያንተው ዝናብ ነው፣ እየዞረ ነው።»

«ተከትሎ የሚሄድ ሰው አለ?»

«ብቻዬን ነኝ ፍየሉ። በሩን ጥዬ ብሄድ ከሥራ ያባርሩኛል፣ ሌላም ሰው ቢመጣ የሚመዘግብ የለም። መንገድ ላይ የሚወርድ ካገኘሁ እልካለሁ፤ የሚወርድ ግን ወደ እኔ ነው የሚመጣው፣ ወደነሱ አይደለም።»

ሰዓቱ ሦስት ተኩል ነበር። እትዬ ፍተሻ ከመደርደሪያው ላይ የጀርባ ቦርሳ አወረደች፤ ዋጋው የተጻፈበት ወረቀት አሁንም ተንጠልጥሎበታል። ሁለት የመኝታ ከረጢት፣ የዝናብ ልብስ፣ የራሷ ቁጥር የሆነ ጫማ። የባንኮውን ግራጫ ብረት በቢላዋው ከሲባጎው ቆርጣ አንገቷ ላይ አሰረችው። ሁለት ላይተር ጡቷ መሃል ከተተች።

«እታለም፣ ምን እያደረግሽ ነው?»

«እየሄድኩ ነው።»

«አንቺ? ደረጃ ስትወጪ እኮ ሁለት ጊዜ ታርፊያለሽ። መንገዱን የት ታውቂውና?»

«አንተ ታውቀዋለህ።»

የታሰረውን እጁን አንስቶ አሳያት። «በዚህ እኮ ክብሪት እንኳ መያዝ አልችልም።»

«መንገዱን አንተ ታሳየኛለህ» አለች የጫማዋን ክር እያሰረች። «እሳቱን እኔ እለኩሳለሁ።»

ወንድሟ ስልኩን አነሳ። ሆስፒታል ደወለና የመምህሩን ልጅ ጠየቃት። መምህሩ አልተሻላቸውም፣ አልባሰባቸውምም፤ ነርሷን ላይተሬን መልሱልኝ ብለዋታል። እትዬ ፍተሻ ይህን ስትሰማ ለመጀመሪያ ጊዜ ባንኮው ላይ ተቀመጠች፤ ግማሽ ደቂቃ ያህል። ከዚያ ተነስታ አምስቱን ጥቁር ብረቶች ከመንጠቆው አውርዳ መሳቢያው ውስጥ ቆለፈችባቸው። ሳፋውን አልደፋችውም። የሱቁን የብረት በር ሳትከፍተው በጓዳ ወጡ።

የአራት ሰዓቱ አውቶቡስ መግቢያው በር የሚደርሰው ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ከበሩ እስከ መጀመሪያው ማደሪያ የሁለት ሰዓት ተኩል የእግር መንገድ ነው፤ ጉልበቷን ለሚያማት ሴት ሦስት ሰዓት ተኩል ይሆናል። በዚህ ወቅት ፀሐይ የምትጠልቀው አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው።